ወልውለው የገደሉት እሳት

ከስድሳና ከሰባ ዓመታት በፊት በፓሪስ ወይም በለንደን ተሠርቶ፣ የመጀመሪያ ባለቤቱን ቀብሮ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ የኖረ ውድ የኪስ ላይተር ዛሬ ለሽያጭ ሲቀርብ የሚደረግለት ዝግጅት ከሬሳ ግንዘት ብዙ አይለይም። ውጪው በመወልወያ ቅባት ይታሻል፤ ወርቁ እስኪያብረቀርቅ ይፈተጋል፤ ከፋይ በለበሰ ሣጥን ውስጥ ይጋደማል። ውስጡ ግን ሞቷል። ድንጋዩ ዱቄት ሆኗል፤ የጎማ ቀለበቱ ደርቆ ተሰነጣጥቋል፤ ጋዝ ቢሞሉት ሳያድር ባዶ ይሆናል። ሻጩ ‹‹እንደ አዲስ ነው›› ይላል። ገዢውም ዕቃውን እያገላበጠ፣ በወርቁ ላይ የገዛ መልኩን አይቶ ከተደሰተ በኋላ፣ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ‹‹እስቲ ለኩሰው›› የሚል ቃል ከአፉ አይወጣም።

ይህ ልማድ የተገለበጠ ነው። ለአሮጌ ላይተር የሚገባው ሕግ አጭርና ግልጽ ነው፤ የሚታየውን መተው፣ የማይታየውን መለወጥ። በገበያው የሚፈጸመው ግን የሚታየውን መለወጥና የማይታየውን መተው ነው። በዚህ ምክንያት የብዙ ሠራተኞችን ድካም ተሸክመው እስከ ዛሬ የደረሱ ዕቃዎች በአንድ ከሰዓት በኋላ ዕድሜያቸውንም ሥራቸውንም ያጣሉ። ጥፋቱ የሻጭ ብቻ አይደለም፤ ብልጭታ ፈላጊ ገዢ ባይኖር ወልዋይ ነጋዴ አይኖርም ነበር።

ስለ ሕጉ ትክክለኛነት የዕቃው ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። የለንደኑ የአልፍሬድ ዳንሂል ድርጅት በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለገበያ ያቀረበውና በአንድ እጅ እንዲለኮስ ታስቦ የተሠራው ‹‹ዩኒክ›› የመጀመሪያ ናሙናው የተበጀው ከሰናፍጭ ቆርቆሮ ነበር። በ1872 ሲሞን ቲሶ ዱፖን በፓሪስ የመሠረተው የኤስ.ቲ. ዱፖን ድርጅትም መነሻው የቆዳ ዕቃና የመንገደኛ ሻንጣ ነው። ላይተር ወደ መሥራት የገባው በ1941 ሲሆን፣ ለዚህም ምክንያት ሆኖ የሚነገረው የሕንዱ የፓቲያላ ማሃራጃ ትዕዛዝ ነው። በ1952 ደግሞ በጋዝ የሚሠራ ላይተር አወጣ። ጆርጅ ብሌዝዴል በ1932 በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የመሠረተው ዚፖ፣ ከእነዚህ ጋር ሲነጻጸር የድኻ ላይተር ነው፤ በ1933 የተሸጠበት ዋጋ 1 ዶላር ከ95 ሳንቲም ነበር። ነገር ግን ከዋጋው ይልቅ ስሙን ያስጠራው የተበላሸ ዚፖ ያለ ክፍያ እንደሚጠገን የተሰጠው ቃል ነው።

እነዚህ ሦስቱ በዋጋና በመልክ ቢራራቁም በአንድ ነገር ይገናኛሉ። ሁሉም እንዲከፈቱ ሆነው ተሠርተዋል። ድንጋዩ ሲያልቅ በሌላ ይተካል፤ ሞላው ሲደክም ይቀየራል፤ ቤንዚኑ ወይም ጋዙ ሲጠፋ ይሞላል። ሠሪዎቻቸው ዕቃው እንደሚያረጅ አስቀድመው አውቀው ለእርጅናው በር ትተውለታል። በ1973 ቢክ የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ አልቆ የሚጣለውን የፕላስቲክ ላይተሩን ሲያወጣ የተዘጋው ይህ በር ነው። ስለዚህ ዱፖንን ከኪዮስክ ላይተር የሚለየው መከፈቱ ነው፤ ወርቁ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው። ከፍቶ የማያውቀው ባለቤት የያዘው ከባድና ውድ የሆነ የፕላስቲክ ላይተር ነው ቢባል አልተበደለም።

ወልዋዮች የሚሰጡት መልስ ይታወቃል። ‹‹ማጽዳት ምን ክፋት አለው? ንጽሕና ለዕቃም ያምርበታል›› ይላሉ። ማጽዳትና መፋቅ ግን አንድ አይደሉም። ከእነዚህ ላይተሮች አብዛኞቹ ወርቅ ቅብ ናቸው፤ ከሥር ያለው ናስ ነው። ቅቡ ከአንዲት የጠጕር ዘለላ ይቀጥናል። የመወልወያ ቅባት ደግሞ በውስጡ አሸዋ መሰል ደቃቅ ነገር ስላለው ብርሃን የሚያመጣው ከላይ ያለውን ፍቆ በማንሣት ነው። በእያንዳንዱ መወልወል ጥቂት ወርቅ ወደ ጨርቁ ይሄዳል። መጀመሪያ ማዕዘኖቹ ይዶለዱማሉ፤ ቀጥሎ የተቀረጹት ቀጫጭን መስመሮች ይደበዝዛሉ፤ በመጨረሻም በግርጌው ላይ ያለው የሠሪው ማኅተምና መለያ ቁጥር ይጠፋል። ዕቃው ያን ጊዜ በእርግጥ ያብረቀርቃል። ማን እንደሆነ ግን መናገር አይችልም።

በቻይና ላከር የተለበጡት የዱፖን ላይተሮች ነገር ከዚህ ይብሳል። ይህ ላከር በሩቅ ምሥራቅ ከሚበቅል ዛፍ የሚቀዳ ሙጫ ነው፤ በስሱ እየተቀባ፣ በእርጥብ አየር እየደረቀ፣ ድርብ በድርብ የሚገነባ ነው። አንድ ጊዜ ከተፋቀ ወይም ከተሰበረ መጠገኑ እንዳይታወቅ አድርጎ የሚጠግን እጅ በየሠፈሩ አይገኝም። የብራና መጽሐፍ ገጹ ጠቆረ ብሎ በምላጭ የሚፍቅ ሰው ቢገኝ አንድ አገር ሙሉ ይጮህበት ነበር። የላይተርን ፊት የሚፍቅ ግን ‹‹አሳደሰው›› ተብሎ ይመሰገናል። ለላይተር ፊት ለስላሳ ደረቅ ጨርቅ ይበቃዋል። በማዕዘኑ ላይ የወጣው ናስ፣ በጎኑ ላይ ያለው ጭረት የአውራ ጣትና የኪስ ታሪክ ናቸው፤ ዋጋ የሚያስቀንሱ ከሆነ ይቀንሱ፤ ሐሰት ግን አይናገሩም።

ከወልዋዮች ማዶ ሌላ ወገን ቆሟል። እነዚህ ደግሞ ‹‹ከፋብሪካ እንደወጣ ካልሆነ ዋጋ የለውም፤ ጎማውም፣ ድንጋዩም፣ ሞላውም የመጀመሪያው ይሁን›› የሚሉ ናቸው። ‹‹ከነሣጥኑ ያልተነካ›› የሚለው ቃል ልባቸውን ያሞቀዋል። ይሁን እንጂ ጎማ ሳይነካም ያረጃል። ሃምሳ ዓመት በሣጥን የተቀመጠ ላይተር የጎማ ቀለበቱ፣ መካኒኮች ኦሪንግ የሚሉት፣ በደረቱ ኪስ ከኖረው እኩል ሊደርቅ ይችላል። በውስጡ የተረሳው ድንጋይም እንዲሁ ነው። ድንጋይ ተባለ እንጂ ድንጋይ አይደለም፤ ኦስትሪያዊው ካርል አወር ፎን ቬልስባኽ በ1903 የባለቤትነት መብት ያስመዘገበበት የሴሪየምና የብረት ቅይጥ ነው። ከብረቱ መዘውር ጋር ሲፋተግ የሚረግፈው ብናኝ አየር ሲያገኝ ይነዳል፤ ብልጭታው ይህ ነው። ያው ቅይጥ ያለ ሥራ ለዓመታት ሲቀመጥ ግን እርጥበት ይበላዋል፤ ያብጣል፤ ይፈርሳል፤ በቱቦው ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይጋገራል። ‹‹ያልተነካ›› የተባለው ዕቃ ብዙ ጊዜ እንዲህ ተበልቶ ያለቀ ነው። በገና ጅማቱ ሲበጠስ ሌላ ጅማት ይወጠርለታል፤ በዚህ ምክንያት በገናው ሌላ በገና ሆነ የሚል ደርዳሪ የለም። ጎማና ድንጋይ የላይተር ጅማት ናቸው። ሠሪዎቹ እንዲለወጡ የፈቀዱትን ነገር ‹‹አይነካም›› ማለት ከሠሪው በላይ ለዕቃው አሳቢ መምሰል ነው።

አንዳንዱ ደግሞ ላይተሩን ጨርሶ አይለኩሰውም። ይቆልፍበታል፤ ስለ ዋጋው ያወራል፤ ለእንግዳ ያሳያል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

ወደ ግዢው ሲመጣ፣ በአሮጌ ላይተር ንግድ ከሁሉ የሚበልጥ ሐሰት የያዘው ዓረፍተ ነገር አጭር ነው፤ ‹‹የማይለኮሰው ጋዝ ስለሌለው ነው›› የሚል። ለዚህ ሐሰት እውነተኛ ሽፋን አለው። የአውሮፕላን ጉዞ ደንቦች ነዳጅ ያለበትን ላይተር በሚጫን ሻንጣ አይቀበሉም። ስለዚህ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገሮች በዘመድ ሻንጣ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ናይሮቢ ወይም ወደ ጂቡቲ የሚመጣው ላይተር ባዶውን ነው የሚደርሰው። ገዢውም ሲለኮስ ሳያይ ይገዛዋል። ባዶ መምጣቱ ደንብ ነው፤ ባዶ መሸጡ ግን ግዴታ አይደለም። ጋዝ የሚሞላበት ዕቃ በከተማው እስካለ ድረስ ሞልቶ፣ ለኩሶ፣ አሳይቶ መሸጥ ይቻላል። ይህን እምቢ የሚል ሻጭ መልሱን ሰጥቷል።

ጠንቃቃ ገዢ ጥቂት ነገሮችን ይጠይቃል። የድንጋዩ ብሎን በካቻቢቴ ወይም በሳንቲም ጠርዝ ያለ ትግል ይዞራል ወይ? ክዳኑ ሲከፈት ማጠፊያው ወዲያና ወዲህ ይወዛወዛል ወይ? በግርጌው ያለው ጽሑፍ ጥርት ብሎ ይነበባል ወይስ ተወልውሎ ደብዝዟል? ማዕዘኑ ዶልዱሞ ወርቁ ግን አዲስ ከሆነ፣ ዕቃው እንደገና ወርቅ ተነክሯል ማለት ነው፤ ይህ በራሱ ወንጀል ባይሆንም ሳይናገሩ መሸጡ ማታለል ነው። ጋዝ የሚያፈስ መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ከወርቅ ሠሪ ሚዛን የተሻለ ዳኛ የለም። ላይተሩን ሞልቶ መመዘን፣ ሳይለኩሱ ሁለት ቀን ማቆየት፣ እንደገና መመዘን ነው። ክብደቱ ከቀነሰ ቫልቩ ወይም ጎማው ያፈስሳል። ሚዛን እንደ ሻጭ አንደበት የለውም።

ታሪክ የሚሸጡለት ገዢም መጠንቀቅ አለበት። ከቬትናም ጦርነት የተረፉ ናቸው እየተባሉ በሳይጎን ጎዳናዎች ለቱሪስት ሲቸበቸቡ የኖሩት ዚፖዎች የዓለም ሁሉ መማሪያ ናቸው፤ ብዙዎቹ ጦርነቱ በ1975 ካበቃ በኋላ የተቀረጹ ሐሰተኞች ሆነው ተገኝተዋል። የዘማች ስም መቅረጽ የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ዚፖ በግርጌው የሚያትማቸው ነጥቦችና መስመሮች፣ ኋላም ፊደላትና ቁጥሮች፣ የተሠራበትን ዘመን ይናገራሉና ከሻጩ ትረካ በፊት እነርሱን ማንበብ ይገባል። እነርሱም ሊመሰሉ እንደሚችሉ ማወቅ ደግሞ የባሰ ጥንቃቄ ነው።

የሞተ ላይተር መግዛት ነውር የለበትም። በሞተ ዋጋ ከተገዛ፣ የሚያስነሣውም ሰው ካለ፣ እንዲያውም ከሁሉ የተሻለ ግዢ ነው። ነውሩ ሬሳውን በሕያው ዋጋ መሸጥ ነው።

ከግዢው በኋላ ያለው ጥንቃቄ አስቸጋሪ አይደለም፤ ከቃላት ይጀምራል። በቤንዚን የሚሠሩት የዚፖና የቀድሞዎቹ የዳንሂል ላይተሮች ነዳጅ በጣሳው ላይ ስሙ ‹‹ናፍታ›› ተብሎ ሊነበብ ይችላል። ይህ ቃል ብዙ የዋሃንን አሳስቷል። በኢትዮጵያ ማደያዎች ‹‹ናፍጣ›› ተብሎ የሚቀዳው የከባድ መኪና ነዳጅ ሌላ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቅባታም ነው፤ ክሩን አጥቁሮ ጥጡን ያበላሻል። የላይተሩ ነዳጅ ግን ቀሊል፣ ንጹሕና በፍጥነት የሚተን ነው። በመተኑም የተነሣ የቤንዚን ላይተር ባይነካም በሳምንት ወይም ጥቂት አለፍ ባለ ጊዜ ይደርቃል፤ ይህ ጠባዩ እንጂ ብልሽት አይደለም። ጥጡ እስኪንጠባጠብ መሙላትም ጭንን ማቃጠል ነው። ከሞሉ በኋላ ጠርጎ፣ እጅን ታጥቦ፣ ጥቂት ቆይቶ መለኮስ ነው።

የጋዞቹ ላይተሮች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ቅባት የሚተው ርካሽ ጋዝ ቀጭኑን የቫልቭ ቀዳዳ ይደፍናል፤ በነጭ ወረቀት ላይ ቢረጭ እድፉ ያጋልጠዋል። የዱፖን የጋዝ ጣሳዎች በቀለም የሚለዩት፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ የሚባሉት፣ ለጌጥ አይደለም፤ የመሙያ ጥርሳቸው እንደ ላይተሩ ዓይነት ስለሚለያይ ነው። የማይገጥመውን በኃይል ማዞር ጥርሱን መብላት ነው፤ የተበላ ጥርስ ደግሞ ከጋዙ ዋጋ ብዙ እጥፍ ያስከፍላል። ቡቴን ጋዝ ከአየር እጥፍ ያህል ስለሚከብድ ወደ ወለል ይወርዳል፤ ስለዚህ ቡና የሚፈላበት ከሰል ባለበት ቤት ውስጥ ላይተር መሙላት እብደት ነው። የጋዙ ግፊትም ከሙቀት ጋር ያድጋል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የነበረው በ40 ዲግሪ ወደ እጥፍ ይጠጋል። በአዲስ አበባ ብርድ ነበልባሉን አስተካክሎ በበጋ ወደ ጂቡቲ የወረደ ሰው ላይተሩ ቅንድቡን ቢልሰው ጥፋቱ የሠሪው አይደለም። ፀሐይ በሚመታው መኪና ውስጥ መተውም ጎማውን ጊዜው ሳይደርስ ማስረጀት ነው። መዘውሩን በደረቅ የጥርስ ብሩሽ መጥረግ ይበቃል፤ ዘይት የነካው መዘውር አይበልጭም። ለወራት የሚቀመጥ ላይተር ካለ ድንጋዩን አውጥቶ ማስቀመጥ ነው። ሙያው ይህን ያህል ነው።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይመጣል። ‹‹ላይተር የሲጋራ ሎሌ ነው፤ ሲጋራ ይገድላል፤ ታዲያ ሎሌው አብሮ ቢሞት ምን ይጎዳል?›› የሚሉ አሉ። ስለ ሲጋራ ያሉት እውነት ነው። ኬንያ በ2007፣ ዩጋንዳ በ2015 የትምባሆ ቁጥጥር ሕግ አውጥተዋል፤ ኢትዮጵያም በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መገልገያ ስፍራዎች ማጨስን ከልክላለች። የሚያስቆጭ ነገር የለበትም። ነገር ግን እሳት ከትምባሆ በፊት ነበረ። ጧፍ ይለኮሳል፤ ዕጣን ይጨሳል፤ መብራት በጠፋበት ሌሊት ሻማ ይበራል። የማያጨስ ሰው የያዘው ላይተር ሥራ አያጣም። ደግሞም ጎራዴ የሚሰበስብ ሰው ጦርነት ናፋቂ ተብሎ አይከሰስም። የጎራዴው ሠሪ ብረት እንዴት እንዳነጠረ ማወቅና ማክበር ራሱን የቻለ ቁም ነገር ነው፤ ለላይተርም ልኩ ይኸው ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ‹‹የገዛሁት ንብረቴ ነው፤ ብወለውለው፣ ብቀብረው ማን አገባው?›› የሚለው ነው። ሕግ አያገባውም። ሆኖም ከባለቤቱ በላይ የሚኖር ዕቃ ያለው ሰው እንደ ባላደራ ነው። ከእርሱ በፊት ሌላ ነበረ፤ ከእርሱም በኋላ ሌላ ይመጣል። ለሚመጣው የሚያስተላልፈው ማኅተሙ የጠፋ ብልጭልጭ ከሆነ፣ አንድ የታሪክ ምስክር በገዛ ጨርቁ አፉን ዘግቷል። እሳት አመድ ወለደ የሚባለው እንዲህ ላለው ወራሽ ነው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳዝነው ግን የጠጋኙ ነገር ነው። በቱቦ ውስጥ የተጋገረን ድንጋይ ቱቦውን ሳይጎዳ በቀጭን መሰርሰሪያ በእጁ እያዞረ የሚያወጣ፣ ቡቴንን የሚችል ጎማ ከማይችለው ለይቶ የሚገጥም ሰው በአብዛኛው አሮጌ ሰዓት ሠሪ ነው። ለላይተሩ የብዙ ወር ደሞዝ የከፈለ ሰው፣ እዚህ ባለሙያ ፊት ሲቆም ድንገት ድኻ ይሆናል። ‹‹ለአንዲት ጎማ ይህን ያህል?›› ይላል። የከፈለው ለጎማዋ መስሎታል። የሚጠየቀው ግን ጎማዋን ለማግባት ዕቃውን ሳይጭር መፍታት ለሚያውቅ እጅ ነው። ወልዋዩ ያለ ክርክር ይከፈለዋል፤ ምክንያቱም ሥራው ይታያል። ጠጋኙ ሥራው ስለማይታይ ይከራከሩታል። ልጁም ይህን እያየ ሙያውን አይወርስም፤ ቢወርስ ሞኝ ነው። በዚህ አያያዝ ከተቀጠለ ላይተሮቹ በየሣጥናቸው ሲያብረቀርቁ የሚከፍታቸው ሰው የማይገኝበት ዘመን ይመጣል። ያን ጊዜ የሰናፍጩ ቆርቆሮ ከወርቁ ይሻል ነበር፤ እርሱ ቢያንስ ይለኮስ ነበርና።

ስለዚህ አሮጌ ላይተር የሚገዛ ሰው ከወርቁ በፊት እሳቱን ይጠይቅ። ሻጭም የሞተውን ሞተ፣ የተነከረውን ተነከረ ብሎ ይሽጥ። የመወልወያው ቅባት ይቅር። ለእርሱ ይወጣ የነበረው ገንዘብም ከነምስጋናው ለሰዓት ሠሪው ይከፈል።